ስለ ማዕድን ፓስፖርት

ሰው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ፓስፖርት እንዲይዝ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ደግሞ፥ ከየካቲት 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪ ከምን ማዕድን እንደ ተሠራ የሚናገር ፓስፖርት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲኖረው ታዟል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ኮባልቱና ኒኬሉ እንዴት ባለ አኳኋን እንደ ተቆፈረ ነጋዴው እንዲመረምር የሚያስገድደው ክፍል፥ በነሐሴ 2017 ሊጸና ተቆርጦ ሳለ ወደ ነሐሴ 2019 ተላለፈ። እንግዲህ ወረቀቱ ምርመራውን በስድስት ወር ይቀድመዋል ማለት ነው። በኮንጎ ምድር ኮባልትን በእጁ የሚቆፍረው ድኻ ሳይጠየቅ የተጻፈ ፓስፖርት፥ ምስክር ሳይሰማ እንደ ተሰጠ ፍርድ ነው። ስለዚህ የኅብረቱ ሹማምንት ቀኑን ዳግመኛ እንዳያራዝሙ፥ መርማሪውም እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ እንዲደርስ ማድረግ ይገባቸዋል።