አሰባጥሮ መትከል ኋላ ቀርነት ነውን?

በወላይታና በጋሞ ገበሬው በካሳቫው መካከል ቦሎቄ ሲዘራ ያዩ አንዳንድ ባለሙያዎች፥ «ይህ ሥርዐት የሌለው እርሻ ነው፤ አንዱን ለብቻው ትከል፤ ማዳበሪያም ጨምር» እያሉ ይገሥጹታል። እኛ ግን ተግሣጹ የሚገባው ለገሣጮቹ ነው እንላለን።

ቦሎቄ በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይስባል፤ ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስም መሬቱን ያዳብራል። ካሳቫው ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ሲቈይ፥ ቦሎቄው በሦስት ወር ያህል ደርሶ ቤተ ሰቡን ይመግባል። ካሳቫ ደግሞ ሥሩ ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ ፎስፎረስን ለብቻው አጥብቆ አይሰበስብም፤ በሥሩ ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ እንደ ድር የቀጠኑ ክሮቹን ወደ አፈሩ እየሰደደ ያመጣለታል፤ በምላሹም ስኳር ይቀበላል። ይህን ማኅበር ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት በርንሃርት ፍራንክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሚኮራይዛ ብሎ ሰይሞታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ከመሬት በታችም እውነት ነው።

ማዳበሪያን አንነቅፍም። ነገር ግን ፎስፎረስ ያለ ልክ ሲበዛ ፈንገሱ ይመነምናል፤ እርሻውም እየተደጋገመ ሲገለበጥ ክሩ ይበጣጠሳል። እንግዲህ ገበሬው ከረጢቱን በብድር ገዝቶ ያለ ደመወዝ የሚያገለግለውን ሠራተኛ ያባርር ዘንድ መምከር ምን ዐይነት ዕውቀት ነው?

ባለሙያው ቦሎቄውን ከማስነቀል ይልቅ ሁለቱ እንዳይሻሙ የአተካከሉን ርቀትና ጊዜ ያስተምር፤ መምህሩም የቦሎቄን ሥር ነቅሎ እባጮቹን ለተማሪዎቹ ያሳይ። ኋላ ቀርነትስ ሳይመረምሩ ማዘዝ ነው።