አሮጌ ጣውላም ካፒታል ነው

«ካፒታል የለንም።» የራሱን ሥራ ሊጀምር ያሰበ የዕድሜ እኩያዬ ሁሉ አፉ ላይ ያለች አባባል ናት። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ሲሉኝ ወዲያው ወደ ጥያቄ እገባለሁ። ካፒታል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ገንዘብ። ገንዘቡ ምን ሊገዛ? እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይመጣል፦ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ መሰርሰሪያ። ቀጥሎ ደግሞ የሥራ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የዕቃ ሣጥን፣ በርጩማ።

እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ ሁለተኛው ዝርዝር ነው። የብየዳ ማሽን ከቁርጥራጭ ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ግን የእንጨትና የብረት ሥራ ልንሠራ ነው ብለው የተደራጁ ልጆች ጠረጴዛ ለመግዛት ብድር ይጠብቃሉ እንዴ?

ጥፋቱን እነሱ ላይ ለመጣል አይደለም። የቢዝነስ ፕላን ፎርም ሞልታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። «ቋሚ ንብረት» የሚለው ሠንጠረዥ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ ይላል፤ ከኋላው ፕሮፎርማ ይያያዛል። ፕሮፎርማ የሚሰጠው ደግሞ አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ምን አለሽ ተራ ሄዶ ለአሮጌ ሞርሳ ፕሮፎርማ የሚያጽፍ ማን አለ? ፎርሙ ሳያስበው ልጆቹን ወደ አዲሱ ዕቃ ይገፋቸዋል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ ለሚገባ ብረትና ማሽን የሚከፈለው ብር ወደ ላይ ነው የሄደው። ብድሩ እስኪፈቀድ ፕሮፎርማው ያረጃል፤ እንደገና ሌላ ፕሮፎርማ። በዚህ መሀል የተበተነ ቡድን አውቃለሁ። አምስት ነበሩ፤ አንዱ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ዓረብ አገር ሄዷል፣ የቀሩትን አላገኘኋቸውም።

ሳይጠብቁ የጀመሩም አሉ። ኮልፌ አካባቢ አንድ ጠባብ ሼድ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ሦስት ልጆች ጋ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የሥራ ጠረጴዛቸው አንድም አዲስ እንጨት የለበትም። ላዩ ከፎቅ ግንባታ የወጣ፣ ኮንክሪት ሲሞላ ማቀፊያ የነበረ ጣውላ ነው። ሁለት ድርብ አድርገው መትተውታል፤ የላይኛው መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም አዛንፈው። እግሮቹ ሁለት ሁለት ሞራሌ ጎን ለጎን ተጣምረው የተሠሩ ናቸው። ጠረጴዛን የሚያወዛውዘው የእንጨቱ እርጅና ሳይሆን የሰያፍ አለመኖር ነው ብለው በሦስት ጎን ሰያፍ እንጨት አስረውበታል፤ እውነትም ብትገፉት ንቅንቅ አይልም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የብሎኬት ስባሪ ደርድረዋል፣ ክብደት እንዲሆን። መላጊያ ሲገፋ ጠረጴዛው አብሮ እንዳይሄድ ነው።

ከፍታው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲያንጠለጥል የእጁ አንጓ የሚደርስበት ነው፤ በእነሱ ቁመት 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሞርሳው የታሰረው ልክ ከአንዱ እግር በላይ ነው፣ መዶሻ ሲያርፍበት ጉልበቱ በእግሩ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ። ምስማርና ብሎን የሚቀመጠው ጎናቸው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ በየመጠኑ ተለይቶ ነው። በርጩማው የመኪና ቸርኬ ላይ የተበየደ የውሃ ቧንቧ ነው። (ሞራሌ፣ ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮምፔንሳቶ... የሙያው ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ ተርፈው እስከ ዛሬ የምንሠራባቸው ናቸው፤ እንደ ጣውላው።)

ከወጪው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሞርሳው ነው። እሱም አሮጌ ነው፣ ግን ጥርሱ አላለቀም።

አሮጌ ዕቃ ነፃ ነው እያልኩ አይደለም። ቁራሌው እንኳን የእያንዳንዱን ብረት ዋጋ አሳምሮ ያውቃል። ትልቁ ወጪ ግን ጊዜ ነው። ከግንባታ የወጣ ጣውላ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ፤ በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ የመላጊያውን ስለት ባንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። የተደበቀ ምስማር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ልጆቹ ምስማር በመንቀልና በማቅናት ብቻ ሦስት ቀን ፈጅተዋል። ትዕዛዝ ላልነበረው ሰው ሦስት ቀን ብዙ አያስከፍልም፤ ደንበኛ በር ላይ ለቆመበት ሰው ግን ውድ ነው። ስለዚህ ይህ የጅማሬ ስልት እንጂ የዘላለም አይደለም። ልክና ደረጃ የሚፈልግ መጋዝ የሚያርፍበትን ክፈፍ እነሱም ከአዲስ ቱቦላሬ ነው ያስበየዱት፤ ትክክል ናቸው።

ከዚህ ላይ ቀልድ የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብሎ መቁረጥና መበየድ ሰው ይገድላል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ከውጭ ዕቃ ተጭኖበት የመጣ የእንጨት ፓሌት ላይ ደግሞ ማኅተሙን እዩ። «ኤች.ቲ» የሚል ከሆነ ነፍሳቱ የተገደሉት በሙቀት ነው፤ «ኤም.ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፣ እሱን ተዉት።

እንጨቱ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ መሆን አልነበረበትም። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ወዲህ ስንት አሮጌ ቤት ሲፈርስ አይተናል። የድሮ ጭቃ ቤቶች ምሰሶ ብዙ ጊዜ ጽድ ነው፤ ጽድ ደግሞ ምስጥ የማይደፍረው፣ ዛሬ ገዝታችሁ የማታገኙት እንጨት ነው። ቆርቆሮውና በሩ ገዢ ያገኛል። ምሰሶውና ወራጁ ግን በኤክስካቫተር ተሰባብሮ ከአፈር ጋር ሲጫን፣ ወይም ለማገዶ ሲፈለጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከማፍረሱ በፊት አንድ ቀን ተሰጥቶ እንጨቱ በእጅ ቢነቀልና ለተደራጁ ወጣቶች በቅናሽ ቢሸጥ ከተማው ምን ይጎድልበታል? ምስማር የሚነቅል ጉልበት እንደሆነ ሞልቷል።

ወደ ብድሩ ልመለስ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ። ሕጉ መሣሪያን፣ የምርት ክምችትን፣ የሚሰበሰብ ሒሳብን፣ የቤት እንስሳትን ሳይቀር ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ መመዝገቢያውም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። ዕቃው አዲስ መሆን አለበት አይልም። የሚፈለገው ሼዱ ድረስ ሄዶ የሚገምት ሰው ነው። ጠረጴዛው በቀን ስንት ሰዓት ይሠራበታል? ወሩን ስንት አልጋ ወጣበት? የተከማቸው እንጨት ስንት ያወጣል? የተፈረመ ትዕዛዝ አለ ወይ? አንድ ንብረት የሚመዘነው ወደፊት በሚያስገባው ገቢ ነው ተብለን ነው እኮ የተማርነው፤ በተገዛበት ደረሰኝ ማማር አይደለም።

የኮልፌዎቹ ልጆች አሁን የሚፈልጉት የመላጊያ ማሽን ብቻ ነው። ማመልከቻቸውን ባለፈው አብሬያቸው ጻፍን፤ ጠረጴዛውን፣ ሞርሳውን፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ዘረዘርን፣ ፎቶም አያያዝን። ያበዳሪው ሠራተኛ ዝርዝሩን ገለጥ አድርጎ አየና የጠየቀው የቤት ካርታ ነው። ሦስቱም የሚኖሩት ኪራይ ቤት ነው።