የጠፋው ሌላኛው ዓይን
ሰሞኑን ቡና ከምጠጣበት ቤት አንዲት ሕፃን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የብራና ሥዕል ሥር ቆማ፣ «እማዬ፣ የእነዚህ ሰውዬዎች ሌላኛው ዓይናቸው የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ሥዕሉ ስቅለት ነው፤ ሰውዬዎቹ ጦር የያዙት ወታደሮች። እናትየው፣ «ክፉ ስለሆኑ ነው፣ የኔ እናት» አለቻትና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ልጅቷ ግን ጣቷን ዘርግታ ባለ አንድ ዓይኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር ያዘች። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንን ከማንም አስበልጬ የምወዳቸው ለዚህ ነው። ጻድቁን ፊቱን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይን ሲሥሉ፣ ማንበብ ለማይችለው ምእመን ስብከቱን ጨርሰውለታል። ቀና ሰው ዓይን ዓይንህን ያይሃል፤ ተንኮለኛ ፊቱን ያዞርብሃል። ከዚህ የረቀቀ የሥዕል ሐሳብ አላውቅም። የጎንደሯ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ደግሞ ልብ ይሰርቃል፤ በእንጨቶቹ መካከል በረድፍ የተደረደሩት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው ቁልቁል ያያሉ። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ቆም ብሎ ላያቸው ግን የአንዱ ገጽታ ከጎረቤቱ ጥቂት ይለያል። ሠዓሊው ያንን ሁሉ ፊት ሲደጋግም እጁ አልሰለቸም። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን መትረፏን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናለሁ። ጎንደር የሄዳችሁ እንደሆነ ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ አንገታችሁን ቀና አድርጉና በደንብ ተያዩ።