የጭስ ዓባይ አሮጌው ተርባይን ቤት ሙዚየም ይሁን

ጭስ ዓባይ አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ግን ኃይል የሰጠው እርሱ ነው። 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመረቅ የጣና ሐይቅ ውሃ ወደ በለስ ዞረ፣ የአሮጌው ጣቢያ ድርሻም አነሰ። ማሽኖቹ በየቦታቸው ተጠብቀው ቤቱ የሥነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ሙዚየም እንዲሆን እጠይቃለሁ።

እኔ መራዊ ላይ ሬዲዮ፣ ሞባይልና የፀሐይ መብራት እጠግናለሁ። ሥራ ሊለምዱ የሚመጡ ልጆች ስልክን ከመስታወቱ በቀር አያውቁትም። የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ የመዳብ ጥቅልሉን ሳሳያቸው፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁኛል። አዲስ አበባ ያለው የሳይንስ ሙዚየም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃቸዋል። ጭስ ዓባይ ግን ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ነው።

አሮጌ የሥራ ቤትን ሙዚየም ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የተዘጋው የባንክሳይድ ኃይል ማመንጫ በ2000 ቴት ሞደርን የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል፤ የተርባይን አዳራሹ ዛሬ የትልልቅ የጥበብ ሥራዎች ማሳያ ነው። ኬፕ ታውን ደግሞ የእህል ጎተራዋን እ.ኤ.አ. በ2017 የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ቤት አደረገችው።

ሥነ ጥበቡን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የሥነ ጥበብ ባለሙያው ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒዩተር ማዘርቦርዶችንና ባለቀለም ሽቦዎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ከሩቅ ሲያዩት እርሻና ከተማ የሚመስል ሥራ ይሠራል። እኔ በየሳምንቱ በጆንያ የማወጣው ያንኑ ዕቃ ነው! ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ የሠሩት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ጭቃ አቡክቶ ቤት መምረግ የጎጃም ገበሬ ሙያ መሆኑን ማንም ያውቃል። እነዚህ እጆች ከተርባይኑ አጠገብ ቢሠሩ ልጆቻችን ጥበብና ሳይንስ የተለያዩ ነገሮች አይመስሏቸውም።

መብራት እየተቆራረጠ ሙዚየም ምን ይሠራል የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ በጨለማ ያጠና ልጅ ኃይል እንዴት እንደሚመነጭ ከማንም በላይ ማየት ይገባዋል የሚል ነው። ለዚህ ኃይል ሲባል የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ምን ያህል እንደቀነሰም እዚያው ሳይሸፋፈን ይነገረው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ይምከርበት። እስከዚያው ከጣቢያው አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ለቁራሌ አትሸጥ፤ ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት ጡረተኞችም ድምፃቸው አሁኑኑ ይቀዳ።