ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከጎረቤት እስከ መቼ?

ጀሞ ወይም ለቡ ላይ ክሬን ብረት አንጠልጥሎ ሲያዞር ቆማችሁ አይታችኋል አይደል? አሁን ክሬኑ ራሱ አየር ላይ ነው እንበል። ሄሊኮፕተር በረጅም ገመድ ጭነት ሲያነሳ እንደዛ ነው።

ሚያዝያ 2011 ዓ.ም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ባገኘው ነገር ሁሉ ታገለ። ገደሉ ግን በእግር አይደረስም። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል መጡ። እነሱ እስኪደርሱ እሳቱ አልጠበቀም።

«ታዲያ አንድ እንግዛ» ማለት ይቀላል። ከባዱ አብራሪው ነው። በረጅም ገመድ የሚሠራ አብራሪ በመስኮት ቁልቁል ጭነቱን እያየ ነው የሚያበረው። ጭነቱ እንደ ዥዋዥዌ ሲወዛወዝ ጀማሪ እሱን ያሳድዳል፤ ይብስበታል። እጅን ረጋ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ማረም የሚመጣው በልምምድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀላል ክብደት ምልክት ላይ ማሳረፍ፣ ውሃው ከዛ በኋላ። አደጋ ከመጣም ጭነቱን ለቆ መጣልን ይማራል።

ከፍታውም አለ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ይቀንሳል። ቆላ ላይ ብቻ የለመደ አብራሪ እዛ ይፈተናል።

ዋልያ በዱር የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የሚቀጥለው እሳት ደግሞ በበጋ ይመጣል። አብራሪ የሚሰለጥነው ግን ጭሱ ከታየ በኋላ አይደለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?