ሰውነታችንም ተማሪ ነው

በዚህ ዓመት አሳቤን እንድገልጽ ዕድል በደረሰኝ ጊዜ የመረጥኩት ነገር ክትባት ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ወደ አገራችን ገብቶ ለአረጋውያን መሰጠት ሲጀምር፥ ከዚያ በፊት ታመው የዳኑት አያቴ «እኔ አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ክትባት ለምኔ?» አሉ። ጐረቤታችን የነበሩት ታላቅ ወንድማቸውም ይህን ሰምተው፥ «እንግዲያማ እኔም ታምሜ እድናለሁ» ብለው ሳይከተቡ ቀሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታመሙ፤ ግን አልዳኑም። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ባዮሎጂ ስማር ግን የሁለቱ ንግግር ልዩነት ገባኝ።

ሰውነታችን እንደ ተማሪ ነው። የኮሮና ቫይረስ በላዩ ላይ እሾህ የመሰለ ፕሮቲን አለው፤ በዚሁም ሴሎቻችንን ይዞ ይገባባቸዋል። በመጀመሪያ የሚነሣው የሰውነት ኃይል ባዕድ የሆነውን ሁሉ ሳይለይ የሚዋጋ ነው፤ ትኩሳትም የዚሁ ውጊያ ምልክት ነው። ጠላቱን ለይቶ የሚያውቀው ሁለተኛው ኃይል ግን እስኪሰናዳ ድረስ ቀናት ያስፈልጉታል። ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ቢ ሴል የሚባሉት በእሾሁ ላይ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያደርጋሉ፤ ቲ ሴል ከሚባሉትም አንዳንዶቹ ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች ያጠፋሉ። ውጊያው ካለቀ በኋላ ከሁለቱም ወገን ጥቂቶቹ የጠላትን መልክ እያስታወሱ ይኖራሉ።

በዚህ ረገድ አያቴ ሐሰት አልተናገሩም፤ ታሞ የዳነ ሰው በእርግጥ ተምሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ሳርስ በሚባለው የኮሮና ዘመድ ታመው ከዳኑት መካከል፥ ከ17 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ያን ቫይረስ የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች የተገኙባቸው አሉ። ወንድማቸው የሳቱት ግን ይህን ነው፤ በሕመም በሚገኝ ትምህርት ፈተናው ከትምህርቱ ይቀድማል። ክትባት ግን የእሾሁን መልክ ብቻ አሳይቶ፥ በሽታውን ሳያመጣ ያስተምራል።

«የተከተቡትም ታመዋል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው። ፀረ እንግዳ አካል ከወራት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቫይረሱም የእሾሁን መልክ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የታየው ኦሚክሮን ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የሚያስታውሱት ሴሎች ስለሚቆዩ፥ ከብርቱ ሕመምና ከሞት የሚጠብቀው ኃይል ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶ ዕቃ ሳይወስድ ቢያዝ፥ ዘበኛው ምንም አልሠራም ይባላልን?

«እንዴት በአንድ ዓመት ተሠራ?» ለሚሉም መልስ አለ። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ለኤም አር ኤን ኤ ክትባት መንገድ የከፈተውን ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በ2023 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ቫይረስ የዘር ጽሑፍ በ2020 መጀመሪያ ለዓለም ሲገለጥ ሥራው ከባዶ አልተጀመረም። ክትባት እንከን የለውም አልልም። ወደ አገራችን በመጀመሪያ የገባው የአስትራዜኒካ ክትባት በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ የደም መርጋት አስከትሏል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ነገር ግን ለአንድ አረጋዊ ሰው በሽታው ከክትባቱ እጅግ ይከፋ ነበር።

በአያቴ ክንድ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የመጨረሻውን በሽተኛ የያዘው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ልጆች ስሙን እንጂ ፊቱን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው አያቴ ጠባሳቸውን ዳሰስ አደረጉና፥ «ምነው ያኔ ለወንድሜ ማን በነገረልኝ!» አሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የተማርነውን በደብተራችን ዘግተን አናስቀር። ወላጆቻችን ሲጠራጠሩ ሳንሥቅባቸው፥ በትሕትና እናስረዳቸው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና።