የተገለለችውን ሴት መምህሩ ካላወቃት ማን ይወቃት?

የሴቶች ቀን በደረሰ ቁጥር ክበባችን ሳሙናና ልብስ ይሰበስባል። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ነገር ግን ሳሙናው የሚደርሳት ተሰልፋ መቀበል የምትችለዋ ሴት ናት። ሰው ፊት መቆም ያቃታትስ? ዛሬ መናገር የፈለግሁት ስለዚችኛዋ ነው።

ፌስቱላን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ልጅቷ አካሏ ሳይጠና ትዳራለች፤ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ስታምጥ የሕፃኑ ራስ የፊኛዋን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ሽታው ግን አለ። ስለዚህ ባል ወደ ወላጆቿ ይመልሳታል፤ እነሱም ሳይወዱ ከጓሮ ጎጆ ይቀልሱላታል። ከቡናው፣ ከማኅበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ሆነ ከመስጊዱ ትቀራለች። አውቶቡስ ብትሳፈር እንኳ «አውርዷት!» የሚል አይጠፋም።

የሚያስቆጨው ታዲያ ሕክምና መኖሩ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ሲሠሩ እነዚህን ሴቶች አገኙ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላም ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ቆይቶም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ሕክምናው በነፃ ነው፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ሕመምተኛ ሆነው የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ልጅ ነበሩ። መሣሪያ ከማቀበል ጀምረው፣ እያዩ እየተማሩ፣ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሆኑ፤ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። (ማስተማር ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ላይ እናስብ።)

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? ከጎጆዋ ያለችው ሴት ይህን አለመስማቷ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች፤ ግን ስንቱን ቤት ታዳርስ? መምህሩ የየቤቱን ልጅ ፊቱ አስቀምጦ ይውላል። ልጆች ደግሞ ጓሮ ያለችውን አክስታቸውን ያውቃሉ።

ይህን በመኝታ ቤታችን ሳነሳ አንዱ ጓደኛዬ፣ «ወንድ አስተማሪ በሴት ሽንት ምን አገባው?» አለኝ። እርግጥ ሴትየዋን ሄዶ መጠየቅ ነውር ነው፤ እሷም ትሸሻለች። ይሁን እንጂ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ይህ ጉዳት ይድናል፤ ሕክምናው በነፃ ነው» ማለትን ወንድነት አይከለክለውም። ስድስተኛ ክፍል ላይ የጠፋችውን ልጅስ በመዝገብ «አቋርጣለች» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ልጅቷ መቅረቷን መጀመሪያ የሚያየው ግን ዳኛው ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

ሕክምናው በነፃ ነው እንጂ መንገዱ በነፃ አይደለም። የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ ስንቅና አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ሙት ለመቅበር የሚያዋጣ እድር አንዲት በሕይወት ያለች ሴት ለማሳፈር የማያዋጣበት ምክንያት አይታየኝም። ድና ስትመለስም ለቡና የሚጠራት ጎረቤት ያስፈልጋታል።

ለክበባችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጠርተን እንስማ፤ ከምናዋጣውም ገንዘብ የተወሰነው ለመሳፈሪያ ይቀመጥ። የሚስማማ ሁሉ ስሙን ለክበቡ ጸሐፊ ይስጥ፤ እስከ አሁን ሰባት ሆነናል።